ሳይታኘክ የተገዛው ሰም

እናቴ ሰም የምትገዛው በጥርሷ ነበር። ዓይን ይታለላል፣ አፍንጫም ይለምዳል፣ ጥርስ ግን አይሸወድም ትላለች። ከጎጃም መጥታ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ቤት የያዘች፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እየሠራች እኔን ያሳደገች ሴት ናት። ሰሙን የሚሸጡላት ደግሞ ከሶማሌ ተራ ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ የነበረቻቸው፣ አምስት ወቅት ሶላታቸውን የማያስታጉሉ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ።

የሁለቱን ግብይት ከሩቅ ያየ ሰው ይስቃል። ሽማግሌው የሰሙን ጥፍጥፍ በቢላ ጫፍ ወግተው ከሆዱ ሁለት ፍርፋሪ ይቆርሳሉ፤ አንዱን ለእሷ ይሰጡና አንዱን ለራሳቸው ያስቀራሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ቆመው ዓይን ለዓይን እየተያዩ ያኝካሉ። በዚያ መሀል የሚናገር የለም። ንጹህ ሰም መጀመሪያ ይፈረፈራል፣ ቆይቶ ይሰበሰባል፣ ጥርስ ላይ ግን አይያዝም። ሞራ የተቀላቀለበት ከሆነ ላንቃ ላይ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ ይለጠፋል። አኝከው ሲጨርሱ ሁለቱም ወደየጎናቸው ዞር ብለው ይተፉና ያኔ ብቻ ስለ ዋጋ ይነጋገራሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴን ተከትዬ ብሄድም እኔን አንድም ቀን አኝኪ ብለውኝ አያውቁም። ሰም የሚያኝክ ባለሙያ ነው፤ እኔ ዘንቢል ያዥ ነበርኩ።

ይህ የምተርከው ነገር የሆነው ደርግ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥዕል ተምሬ ጨርሼ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ መፈክር እጽፋለሁ። ቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም "ይውደም" እና "ይለምልም" የሚሉትን ሁለት ቃላት ዓይኔን ጨፍኜ መጻፍ እችል ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሳስበው ጨፍኜም ነው የምጽፈው። ለራሴ ልሣል ስል ደግሞ የዘይት ቀለም ከከተማው ጠፍቷል። ቢገኝም ለታላላቅ ሰዎች ምስል እንጂ ለእኔ ቢጤ አይደርስም።

ወደ ሰም የገባሁት በእናቴ ድስት በኩል ነው። አንድ ቀን ጧፍ ስትነክር የተንጠባጠበው ሰም መሬት የወደቀ የነጠላ ቅዳጅ ላይ ረግቶ አገኘሁት። ወደ መስኮቱ ቀና ሳደርገው ጨርቁ ውስጥ ብርሃን ገባ፤ እያንዳንዱ ክር ማር ውስጥ የሰጠመ ይመስላል። በነጋታው ለሰፌድ አክርማ መንከሪያ የሚሸጠውን የዱቄት ቀለም ገዝቼ በቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ከቀለጠ ሰም ጋር አማሰልኩት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኝ።

ሥራው ለእንደኔ ዓይነቱ ችኩል ሰው የተፈጠረ ነው። ሰሙ ትኩስ እያለ በብሩሽ ኮምፖርሳቶ ላይ ትቀቢያለሽ፤ ሁለተኛ ሐሳብ ሳታስቢ ይደርቃል። ከሸማ ተራ ሰፊዎች የለቀምኩትን የጥለት ቁርጥራጭ፣ ከምን አለሽ ተራ የመጣ የጣሳ ቆርቆሮ፣ የጆንያ ክር እደረድርበታለሁ፤ እላዩ ላይ ሌላ ሰም አፈሳለሁ። ከዚያ የከሰል ካውያ በቅርብ ሳሳልፍበት የታችኛውና የላይኛው ቀለም ይጨባበጣሉ። በሚስማር ብጭረው ከሥር የተቀበረው ቀይ ብቅ ይላል። ብቻዬን እየሣልኩ ጮክ ብዬ ስዘፍን ጎረቤት የሰርግ ዝግጅት ያለ መስሎት ይመጣ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ የለም።

እናቴን ግን ደስ አላላትም። "ንቧ የደከመችው ለእግዜር ቤት ነው እንጂ ለመጫወቻሽ አይደለም" እያለች ድስቱን አልጋ ሥር ትደብቃለች። እኔ ደግሞ አልጋ ሥር መግባት እችልበታለሁ። በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ያህል ስንነታረክ ከከረምን በኋላ ፒያሳ በኩል ያለ አንድ አዳራሽ የወጣት ሠዓሊዎች ኤግዚቢሽን ሊያሳይ መሆኑን ሰማሁ። አንድ ሥዕል ይዤ እንድመጣ ተፈቀደልኝ፤ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ ማድረስ ነበረብኝ።

ለእናቴ ስነግራት ጧፏን መጠቅለሏን ሳታቆም "ከተሰቀለልሽ የድስቱ ትራፊ ሁሉ ያንቺ ነው፤ አልናገርሽም" አለችኝ። "ካልተሰቀለ ግን ሁለተኛ እጅሽን ሰሜ ላይ እንዳላይ። ቃል ስጪኝ።"

ሰጠሁ። ከሰጠሁ በኋላ ነው የገባኝ። ሥዕሉ ካልተሳካ ለእኔ የሚቀረኝ "ይውደም" እየጻፉ ማርጀት ብቻ ነበር።

ጉዱ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ መርካቶ የምትታይ ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይነጫነጫል፤ አንድ ሜትር ጨርቅ ለመለካት ሦስት ጊዜ ይጣላል። ከዘጠኝ በኋላ ክርስቲያኑ ሽሮውን በልቶ ፊቱ ሲፈታ፣ ሙስሊሙ ጎረቤቱ እስከ ማፍጠሪያው ድረስ እሱን እያየ ይቀመጣል። እኔን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። እናቴ ፊት ጾመኛ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ግን ሻይና ቦምቦሊኖ የሚሸጡ አንዲት ሴት ነበሩ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ መሥሪያ ቤቴ ለሠራተኞች በዓል ሰልፍ የሚሆን ቀይ ጨርቅ እንድገዛ መርካቶ ላከኝ። ጨርቄን ይዤ ወደ ሰም ሻጩ ሱቅ ጎራ ስል እናቴ የትንሣኤውን ጧፍ ሰም ልትገዛ እዚያው ቆማ አገኘኋት። በዓመት ውስጥ ትልቁ ሥራዋ ይሄ ነው። ለትንሣኤ ሌሊት የሰፈሩ ሰው የሚይዘው ጧፍ አብዛኛው ከእሷ ቤት ይወጣል።

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ሁለት ፍርፋሪ ቆረሱ። ከዚያ ሁለቱም ፍርፋሪያቸውን በጣታቸው እንደያዙ ተፋጠጡ።

"እኔ እንኳ ጾመኛ ነኝ እትዬ" አሉ።

"እኔስ? ገና አራት ሰዓት ነው" አለች እናቴ።

"ከባላገሩ ስረከበውም እንዲሁ ጾም ይዤ ነበር። አላኘክሁትም፣ አልዋሽዎትም። ሰውየው ግን የቆየ ደንበኛዬ ነው።"

እናቴ ጥፍጥፉን ከፍ አድርጋ አሸተተችው። ማር ማር ይላል። በጥፍሯ ጫረችው፤ ጥሩ ነው። ሆኖም ልቧ አላረፈም፣ ፍርፋሪዋን አልጣለችም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር አሉ።

"ይቺ ልጅስ? እሷ ብታኝክልን?"

"ኧረ ምን በወጣት!" አለች እናቴ፣ ኩራቷ እየታየ። "ልጄ ጾም አትሽርም። በደርግ መሥሪያ ቤት እየሠራች እንኳ አንድ ቀን ሽራ አታውቅም።"

ያን ጠዋት ሁለት ቦምቦሊኖ በልቼ ነበር። ስኳሩ ከንፈሬ ላይ እንዳይኖር ፈርቼ በምላሴ ዳበስኩት። አንዲት ቃል ብናገር ነገሩ ያልቃል፤ ግን እናቴ እንዲያ ኮርታብኝ ሳለች ከየት አባቴ ላምጣት? ቀይ ጨርቄን አቅፌ መሬት መሬቱን አየሁ። ሰሙ ሳይታኘክ ተገዛ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን በማግስቱ ነቀዘ።

ቅዳሜ እናቴ ለሆሳዕና ዘንባባ ልትገዛ ስትወጣ "ለዚህ ሥዕልሽ የሚሆን ቆርሰሽ ውሰጂ፣ የተረፈውን አትንኪብኝ፤ ሰኞ መንከር እጀምራለሁ" ብላኝ ሄደች። ኮምፖርሳቶዬ ተዘጋጅቷል። የምሠራው ከተክለ ሃይማኖት በኩል ሲታይ ያለውን የመርካቶ ጣራ ነበር፤ ጣራዎቹን ከጣሳ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ቆርጬ ጨርሻለሁ። ጥፍጥፉን ከመሀሉ ፈልጬ፣ በችኮላ ሆዱን እንኳ ሳላይ ድርሻዬን ድስት ውስጥ ጨመርኩት። ቀባሁ፣ ቆርቆሮዎቼን ደረደርኩ፣ ደግሜ ቀባሁ። ካውያውን አግዬ ጠጋ ሳደርገው ቤቱን ሽታ ሞላው።

የማር ሽታ አልነበረም። የጥብስ ነው።

መጀመሪያ ከውጭ የመጣ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ባሰ። ድጋሚ ከፈትኩት፤ ያኔ ደግሞ ግቢው በሙሉ ሸተተው። ፊት ለፊት ያሉት ሴት በራቸው ላይ ወጥተው "ማናት እናንተ በሁዳዴ የምትጠብሰው?" ሲሉ ሰማኋቸው። ሌላዋ መለሱላቸው፤ ሦስተኛዋም ወጡ። የጎረቤት ድመት በመስኮት ገብታ ሥዕሌ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ትኩር ብላ ታየው ጀመር። ከድመት በቀር ያን ሥዕል እንደዚያ ያደነቀው የለም።

እናቴ ዘንባባዋን ታቅፋ በግቢው በር ስትገባ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ጠበቋት። ሰላምታቸው ግን አጠረ። ቤት ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

"ምን በላሽ?"

"ምንም። ሥዕሉ ነው።"

ተጠግታ ጣቷን አስነካችው። አልደረቀም። ጣቷን አሸተተች። እኛ እያየነው አንዱ የቆርቆሮ ጣራ ከቦታው ተንሸራቶ ወረደ፣ ቀጥሎም ሌላው። መርካቶዬ ዓይኔ እያየ ተናደች። እናቴ የተረፈውን ጥፍጥፍ አንስታ አየችው። ላዩ አንድ ጣት ያህል ንጹህ ሰም ነው፤ ሆዱ ግን ነጣ ያለ ሞራ የተቀላቀለበት ነው። ባላገሩ ለሽማግሌው ሰም የለበሰ ሞራ ሸጦላቸዋል።

መሬት ላይ ተቀመጠች። ቆይታ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሎኝ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ትስቅ ኖሯል።

"እስቲ አስቢው" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። "የትንሣኤ ሌሊት። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሕዝብ። በየእጁ ይዞት የቆመው ጧፍ ሁሉ ጥብስ ጥብስ ሲል። ኧረ ቅዳሴውን ጥሎ ነው ወደ ድስቱ የሚሮጠው!"

እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም ድመቲቱ ደንግጣ እስክትሸሽ ድረስ ሳቅን። ከዚያ እናቴ ሳቋን አቆመችና "ሥዕልሽ ባይኖር ሰኞ ነክሬው ነበር" አለች። "ከዚያ በኋላ ማን ከእኔ ጧፍ ይወስዳል? ጥፋቱ የእኔና የሳቸው ነው። ሃያ ዓመት ያልተውነውን ተውን።"

ጥፋቱን በሳቸውና በራሷ ላይ ስትደለድል መስማት አቃተኝ።

"እኔ ማኘክ እችል ነበር" አልኳት። "ዓርብ ጠዋት አልጾምኩም። ቦምቦሊኖ በልቼ ነበር።"

በነጠላዋ ጫፍ ከእጇ ላይ ሞራውን ጠረገች።

"ስንት?"

"ሁለት።"

"የበላሽውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ" አለች በመጨረሻ። "እሱ የኔ ጉዳይ አይደለም። ዝም ያልሽው ነው የከፋኝ። እኔ ስላንቺ አፌን ሞልቼ ስናገር አንቺ አፍሽን ያዝሽ።"

ሥዕሌ መፍረሱን፣ ቃሌም ቃል እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ሰሟን እንደማልነካ ነገርኳት። እናቴ ዘንባባዋን ወደ ጭኗ ሳብ አድርጋ ለሆሳዕና መሰንጠቅ ጀመረች።

ሰኞ ማለዳ ቀሰቀሰችኝ። "ከመሥሪያ ቤትሽ አስፈቅጂ። መርካቶ እንሄዳለን።" ጨርቁ አልበቃም ብዬ አስፈቀድኩ፤ ለአለቃዬ የዋሸሁት ደስ እያለኝ ነው። የሞራውን ጥፍጥፍ በጨርቅ ጠቅልላ ራሷ ያዘችው።

ሽማግሌው የተፈለጠውን ሆድ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡትና ጭንቅላታቸውን ያዙ። "በዚህ ዕድሜዬ እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ" አሉ።

"ተዉ እንጂ ጋሼ። እኛ ነን ጾም ይዘን የሳትን" አለቻቸው እናቴ። "ይልቅ ሌላ ያውጡ።"

ከጓዳ ስድስት ጥፍጥፍ አውጥተው ደረደሩ። ከመጀመሪያው እንደ ልማዳቸው ሁለት ፍርፋሪ ቆረሱና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ዛሬስ ማን ሊያኝክ ነው?"

"እሷ ታኝካለች" አለች እናቴ።

"ጾም አይደለችም?"

"አይደለችም።"

ይህን ያለችው ከፍ ባለ ድምፅ ነው። ጎን ያሉት ነጋዴ አንገታቸውን ወደ እኛ አሰገጉ። በርበሬ የሚሸጡ ሴት "በሰሞነ ሕማማት!" ብለው አማተቡ። ቅጣቴ እንደሆነ ገባኝ። ፍርፋሪዋን ተቀብዬ አፌ ውስጥ ከተትኋት። ሽማግሌው ዓይኔን ያያሉ፣ እኔም የሳቸውን ዓይን አያለሁ። ተፈረፈረች፣ ተሰበሰበች፣ ጥርሴን ለቀቀች። ወደ ጎን ዞሬ ተፋሁ።

"ንጹህ ነው" አልኩ።

ሁለተኛውና ሦስተኛውም ንጹህ ነበሩ። አራተኛውን ሳኝክ ላንቃዬ ተለበጠ። "ይኼኛው አለበት" ስል ሽማግሌው በቢላቸው ከመሀል ፈለጡት። ሆዱ ነጭ ነው። "ወላሂ ይቺ ልጅ ጥርስ አላት!" አሉ። ከዚያማ ወሬው በተራው ሮጠ። ሰም የሚነግዱት ሁሉ ጾም ይዘው፣ በጥርጣሬ ታምመው ከርመዋል። አንዱ ጥፍጥፉን በብብቱ ይዞ መጣ፤ ሌላው በጆንያ ጭኖ አስከተለ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በዚያ መንገድ ላይ የተፈታ አፍ የእኔ ብቻ ነበር። አገጬ ዛለ፣ ከንፈሬ ሰም ለበሰ፤ በርበሬ ሻጯ ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው "እሺ፣ ይኼስ?" ይላሉ። አፍሬ የገባሁበት ቦታ ላይ እንዴት እንዲህ ደስ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሲበቃን እናቴ ከንጹሖቹ ሁለት መረጠች።

"ይቺን ለጧፍ" አለቻቸው። "ይቺኛዋን ለብቻዋ ይጠቅልሉልኝ።"

"ለምንዎ ነው?"

"የልጄ ነች። እሷም ሰም ሠሪ ነች።"

እኔ ደንግጬ "ቃሌስ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"በሞራ የፈረሰ ሥዕል ቃል አያሲዝም" አለችኝ። "ሂጂ፣ ረቡዕ ሳይደርስብሽ።"

በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት የእሷን ጧፍ አብሬያት ነከርኩ፤ ከሥራ መልስ የራሴን ሠራሁ። የጣራዎቹን ነገር ተውኩት። በምትኩ ባንኮኒ መሀላቸው አድርገው ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎችን አደረግሁ፤ ሁለቱም አንድ አንድ ጉንጫቸው አብጧል። የሴትየዋን ነጠላ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ ቆረጥኩ፣ የሰውየውን ጢም ከጧፍ ክር ሠራሁ። ካውያውን ሳሳልፍበት ቤቱ ማር ማር አለ፤ አንድም ድመት ዝር አላለችም። ከትንሣኤ በኋላ ረቡዕ አደረስኩት። ተቀበሉኝ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ግንቦት ገብቷል፣ የሁሉም ጾም ተፈቷል። እናቴ ነጭ ለብሳ መጣች፤ ሽማግሌውም አዲሱን ቆባቸውን አድርገው ከተፍ አሉ። እናቴ ሥዕሉን ስታይ በነጠላዋ አፏን ሸፍና "ጉንጬ እውነት እንዲህ ነው የሚያብጠው?" አለች። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠጋ አሉ፣ አፍንጫቸውን እስኪያስነኩ ድረስ አሸተቱት፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

"እትዬ፣ ሰሙ ታኝኳል?"

አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፤ የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ሳይቀሩ ከኋላችን ቆመዋል። እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

"ልጄ አኝካዋለች" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። "ያውም በሰሞነ ሕማማት።"